ልኩ ያልተወሰደ ማድ ቤት

ልብስ ሰፊ ዘንድ የሄደ ሰው ሜትሩ ትከሻው ላይ ሳያርፍ ጨርቁ እንዲቆረጥለት አይፈቅድም። ለጎረቤቱ የተሰፋው ኮት ምንም ያህል ቢያምር፣ እጅጌው ለእርሱ ሊያጥር ወይም ሊረዝም እንደሚችል ያውቃልና። ይኸው አስተዋይ ሰው ግን ቤቱን ሊያድስ ሲነሣ፣ ከክፍሎች ሁሉ ብዙ ሥራ የሚሠራበትን ማድ ቤት ከፎቶግራፍ ላይ ያዛል። አናጺውን ጠርቶ ሥዕሉን ያሳየውና «ልክ እንደዚህ አድርግልኝ» ይለዋል። አናጺው ግድግዳውን ይለካል። በዚያ ግድግዳ ፊት ቆማ የምትሠራውን ሴት የሚለካ ግን የለም።

ከዚህ ጥፋት በስተጀርባ ያለውን አስተሳሰብ ቋንቋው ራሱ ይመሰክርበታል። አቅም ባለው የአዲስ አበባ ቤት «ኪችን» እና «ማድ ቤት» የሚሉት ቃላት ትርጉማቸው ከተለያየ ቆይቷል። ኪችን የሚባለው ከሳሎኑ ጎን ያለው፣ ነጭ ካቢኔትና ግራናይት የተደረደረበት፣ እንግዳ እንዲያየው መብራት የበራለት ክፍል ነው። ማድ ቤት የሚባለው ደግሞ ከጓሮ፣ ከሰርቪሱ ጋር የተጣበቀው፣ ግድግዳው ጥላሸት የለበሰው ነው። ሻይ በኪችን ይፈላል፤ ሽንኩርት በማድ ቤት ይቁላላል። ገንዘቡ የሚፈሰው ወደ መጀመሪያው ሲሆን፣ ሥራው የሚሠራው በሁለተኛው ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ምድጃውንም ክፍሉንም «ጂኮ» በሚል አንድ ቃል ይጠራሉ። የአዲስ አበባ ባለ ቤት ግን እሳቱን ከክፍሉ ነጥሎ፣ ከእሳቱ ጋር እናትንና የቤት ሠራተኛን ወደ ጓሮ ሸኝቷል። ይህ ዘመናዊነት አይደለም፤ ሥራን መደበቅ ነው። ላይ ላዩን አሳምሮ ውስጡን ለቄስ ማለት ነው።

የተደበቀው ሥራ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ማገዶ፣ ከሰልና የመሳሰሉት በቤት ውስጥ ሲነዱ በሚወጣው ጭስ ምክንያት ሕይወታቸው አልፏል። የጭስ መውጫ የሌለውን የጓሮ ክፍል እንደነበረ ትቶ፣ እሳት ለማይነድድበት ኪችን ውድ የጭስ መሳቢያ መግዛት እንግዲህ ምን ይባላል?

ጓሮ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪም ከዚህ ስሕተት አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ሕንፃ በዕቅዱ ውስጥ አካቶ ነበር። መፍትሔው በየሠፈሩ ሠመረም አልሠመረ፣ እነዚህ ሥራዎች ቦታ እንደሚሹ ግን ዐውቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤቱን በገዛ ገንዘቡ የሚያድሰው ባለ ቤት ይህን እንኳ ይረሳል። ካቢኔቱ ከዳር እስከ ዳር ከተገጠመ በኋላ ምጣዱ ቦታ አጥቶ በረንዳ ላይ ይወጣል፤ ጋጋሪዋም አብራው።

ለምን ቦታ እንደሚያጣ ቁጥሩ ይናገራል። ከካታሎግ የሚቀዳው ካቢኔት ወደ ውስጥ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ከነመቀመጫው ሲታይ ከጠረጴዛው ጠርዝ ያልፋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ተራው ሶኬት የተሠራው ግን ለ16 አምፔር ነው። ሶኬቱ ሲቀልጥ «ዕቃው የቻይና ነው» ይባላል እንጂ «ዕቅዱ ምጣዱን አላሰበም» የሚል አይገኝም። በዚያ ላይ ከምጣዱ የሚነሣው እንፋሎት በላዩ የተሰቀለውን የቺፑድ ወይም የኤምዲኤፍ ካቢኔት ያሳብጠዋል። ምክንያቱም እነዚህ ሰሌዳዎች በሙጫ የተጣበቁ የእንጨት ብናኞች ናቸው፤ እርጥበትን አይችሉም።

ብዙዎች የሚቀዱት የፈረንጅ ኪችን ራሱ በመቅዳት የተገኘ አለመሆኑን ቢያውቁ ምናልባት ያፍሩ ነበር። የዛሬው በግድግዳ ላይ የተገጠመ ማድ ቤት እናት የሚባለው፣ ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኞች መኖሪያ የነደፈችው ነው። ስፋቱ 1.9 በ3.4 ሜትር ብቻ ነበር። አርክቴክቷ ወደ ሥራ የገባችው በውበት አልነበረም። የቤት እመቤት በቀን ስንት እርምጃ እንደምትራመድ፣ አንዱ ሥራ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለካች። በጠባብ ቦታ ብዙ ሰው የሚመግበውን የባቡር ማድ ቤት አጠናች። ዱቄቱ ነቀዝ እንዳይደርስበት መሳቢያውን ከኦክ እንጨት አሠራች። ተቀምጠው የሚሠሩበት ወንበርም አሰበች። 10,000 ያህል ቤቶች በዚያ ልክ ተሠሩ። የዚያ ከተማ የቤቶች ግንባታ መሪ የነበረው ኤርንስት ማይ በኋላ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ በናይሮቢ በአርክቴክትነት ሠርቷል። ሰውየው እዚህ ድረስ መጣ፤ የመለካት ልማዱ ግን አልተከተለውም።

የፍራንክፈርቱ ማድ ቤት እንከን የለውም ማለት አይደለም። ለአንድ ሰው ብቻ ስለተሠራ ሴቲቱን ለብቻዋ ዘግቶባታል ተብሎ ተነቅፏል። በበዓል ዋዜማ አንዷ ዶሮ ስትበልት፣ ሌላዋ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ሦስተኛዋ ቁሌት ስታማስል ለሚውል ቤት ያ ጠባብ ክፍል አይበጅም። መቀዳት ያለበት እንግዲህ መልኩ ሳይሆን መንገዱ ነው።

«እንጀራ እኮ አሁን ከሱቅ ይገዛል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ የማይጋገርበት ቤት ለምጣድ ቦታ አያባክን። ይህም ልክ መውሰድ ነው። ሆኖም እንጀራውን የሚገዛ ቤት ሁሉ ወጡን አይገዛም፤ ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ቡናው ይቆላል። «በልክ ማሠራት የባለጸጋ ነው» የሚለው ሌላው ተቃውሞ ደግሞ ከውጭ አገር የመጣ አባባል ነው። በአውሮፓ ፋብሪካ የሠራው ርካሽ፣ አናጺ የሠራው ውድ ይሆናል። እዚህ ግን የሠፈሩ አናጺ ድሮም የሚሠራው በትእዛዝ ነው። ጠረጴዛውን አምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲያደርግ ቢነገረው ዋጋ አይጨምርም። የሚያስወጣው ከውጭ የሚገባው ዕቃ ነው፤ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተወሰነና ዋጋው በብዙ ከወረደ ወዲህ ደግሞ ማጠፊያውም፣ የመሳቢያው ሐዲድም፣ ሰሌዳውም ይበልጥ ተወድደዋል።

ስለዚህ ገንዘብ ያጠረው ሰው ቅደም ተከተሉን ይገልብጠው። ከግራናይቱ በፊት ግድግዳው ውስጥ የሚቀበረው ይታሰብ፦ ለምጣዱ ብቻ የሚዘረጋ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት መስመር። ይህን የሚያውቅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሥራው፤ ካቢኔት ከተገጠመ በኋላ ግድግዳ መቦርቦር ሁለት ጊዜ መክፈል ነውና። ቀጥሎ ጭስና እንፋሎት የሚወጣበት መስኮት፣ ከዚያም የውሃና የፍሳሽ መስመር ይምጣ። አራተኛው የጠረጴዛው ከፍታ ነው። የምትሠራዋ ሴት ክንዷን አጥፋ ትቁም፤ ከክርኗ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለው ልኳ ነው። ምጣዱ ከዚያም ዝቅ ብሎ በራሱ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ፤ ሊጡን አዙራ ስታፈስ የወዲያኛው ጠርዝ በግልጽ እንዲታያት። ከምጣዱ በላይ ምንም አይሰቀል። የሊጡ ዕቃ የሚያድርበት፣ ሰፌዱ የሚንጠለጠልበት፣ ሞሰቡ የሚያርፍበት ስፍራ በስም ተጠርቶ በወረቀት ላይ ይሥፈር። ገንዘቡ ካለቀ የካቢኔቱ በር ይቅር፤ መጋረጃም ይሸፍናል። ግራናይቱ ለከርሞ ቢቆይ ማንም አይራብም። አናጺውም ልኩ በተጻፈበት ውል ይሥራ፤ ከቀብዱ በኋላ ያለው ክፍያ እንደ ሥራው ደረጃ ይፈጸም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው በማድ ቤት ነው።

ይህ ሁሉ የቤት ማስጌጥ ወሬ ለሚመስለው አንድ ነገር ይታወሰው። ለስንቱ ማድ ቤት ማደሻ የሚሆነው ገንዘብ ከቤይሩት፣ ከዱባይና ከሪያድ የሚላክ ነው። የምትልከው ልጅ በሰው ማድ ቤት ቆማ የምትውል፣ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ትከሻን ምን እንደሚያደርግ በራሷ አካል የተማረች ናት። እናቷ እንዲያርፉላት ብላ የላከችው ገንዘብ ግን ወንድሞች በመረጡት ፎቶግራፍ ይወጣል። ሥራው አልቆ ሲመረቅ እንግዳው ኪችኑን ያደንቃል፤ እናት ጭስ ባጠቆረው ጓሮ ጎንበስ ብለው ይጋግራሉ። ያ ገንዘብ ከአንዱ ማድ ቤት በድካም ወጥቶ ለሌላው ማድ ቤት ድካም ሳያቀልል መቅረቱ ከብክነትም በላይ ግፍ ነው።

ማንም ባለ ቤት አናጺ ከመጥራቱ በፊት አንድ ቀን በማድ ቤቱ ይዋል። የምትሠራዋን ሴት ምን እንደሚያጎነብሳት፣ ምን እንደሚያስነባት፣ ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ ይመልከት፤ ከሁሉ በላይ እርሷን ይጠይቃት። ሜትሩ ከዚያ በኋላ ይዘርጋ።