ማቆሚያው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ጎሬ ወይም መቱ የተማረ ሰው በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርደውን ዝናብ አይረሳውም። ዶፉ ሲጀምር መምህሩ ድምፁን ከማባከን ይልቅ ጠመኔውን አንስቶ ወደ ሰሌዳው ይዞራል፤ ተማሪውም አንገቱን ደፍቶ ይገለብጣል። ሲያባራ ማብራሪያው ካቆመበት ይቀጥላል። ፕላዝማው ግን ለዝናብ ደንታ አልነበረውም።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎችን የተቆጣጠረው ያ ትልቅ ቴሌቪዥን ትምህርቱን ከሳተላይት እየተቀበለ ያስተምር ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛው የእሱ ነው፤ ለመምህሩ መግቢያና መውጫው ላይ ጥቂት ደቂቃ ትጣልለታለች። የፕላዝማው አስተማሪ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ከዚያም «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። ክፍሉ ጸጥ ቢልም ቬሪ ጉድ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ትምህርቱ ሌላ ቦታ ደርሶ ይገኛል። (ሶር ወንዝ ላይ የኃይል ማመንጫ ባለበት አካባቢ መብራት መጥፋቱ ራሱን የቻለ ሌላ ጨዋታ ነው።)

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የፊዚክስ መምህር በሌለበት ወረዳ ያለ ልጅ የአዲስ አበባው ልጅ የሚማረውን ይማር ማለት ፍትሕ ነው። ነገር ግን ኦሮሚያ ውስጥ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ 9ኛ ሲገባ የሚጠብቀው እንግሊዝኛ ነው፤ ያውም መጀመሪያ ላይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀና ለጆሮው እንግዳ የሆነ። ያንን ገደል የሚያሻግረው በልጁ ቋንቋ «ቆይ፣ እንዲህ ማለት ነው» የሚል መምህር ነበር። ቆይ የሚልበት ቁልፍ ግን እጁ ላይ አልነበረም።

ይህን የማነሣው ያለፈ ቁስል ለመነካካት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው አገር ከደነገጠ ወዲህ መፍትሔው ሁሉ ስክሪን ይመስል ጀመር። ከ2016 ዓ.ም. አንሥቶ ፈተናውን በኮምፒውተር የሚወስዱ አሉ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ታትመው ሳይዳረሱ ፒዲኤፋቸው በቴሌግራም ሲዞር ቆይቷል። ስልክ የሌለው ልጅ ከጓደኛው ይገለብጣል፤ የቻለ ፎቶ ኮፒ ያስነሣል።

እኔ የቴክኖሎጂ ጠላት አይደለሁም። ከሳተላይት ይልቅ ፍላሽ ላይ የተጫነ ትምህርት፣ መምህሩ ሲፈልግ የሚያቆመውና የሚመልሰው፣ ላቦራቶሪ የሌለው ክፍል የአሲድና የቤዝን ሙከራ የሚያይበት አንድ ፕሮጀክተር ቢገኝ እደግፋለሁ። ከእያንዳንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከክፍል ወደ ክፍል የሚዞር አንድ ደኅና ዕቃ ይበልጣል። ቪዲዮውንም የአካባቢው ጎበዝ መምህራን ቢቀርጹት፣ በእንግሊዝኛ አስተምረው የከበደውን በአፋን ኦሮሞ ቢያፍታቱት፣ ልጁ የሚያውቀውን የቡና ችግኝ ለባዮሎጂ፣ የሶርን ፏፏቴ ለፊዚክስ ይጠቅሱለታል። መቱ ዩኒቨርሲቲም አጠገባቸው ነው፤ ቀረጻውንና ጥገናውን ለተማሪዎቹ የተግባር ሥራ ማድረግ ይችላል።

ከዚያ በፊት ግን የታተመ መጽሐፍ በየልጁ እጅ ይግባ። ኮምፒውተር ላይ የሚፈተን ልጅም ማውሱን መጀመሪያ የሚነካው በፈተናው ጠዋት ከሆነ፣ የሚለካው ዕውቀቱ ሳይሆን ጣቱ ነው።

መሣሪያ ለመረከብ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን መቼም አይጠፋም። የመቱ፣ የያዮ፣ የቡሬ ወላጅ በርክክቡ ዕለት እጁን አውጥቶ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል፦ ይህ ሲበላሽ የሚጠግነው እዚሁ ነው ወይስ 600 ኪሎ ሜትር ተጭኖ አዲስ አበባ ይሄዳል? ለመለዋወጫውስ በጀት የተያዘው በየትኛው መደብ ነው?