የወላጅ ፊርማ

ባለፈው ዓመት በወላጆች ስብሰባ ቀን ከአምስተኛ ክፍል በር ላይ ጠረጴዛ አውጥቼ ተቀምጬ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ የመጣውን ወላጅ ስም ከመዝገብ አይቶ፣ የልጁን የውጤት ካርድ ሰጥቶ፣ አስፈርሞ መሸኘት ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት መጣ። ዕድሜው ከአሥራ ሰባት ወይም ከአሥራ ስምንት አያልፍም። ከእህል ገበያ ጆንያ ሲሸከም ውሎ እንደ መጣ ልብሱ ላይ ያለው አቧራ ይናገራል። የመጣው የእኅቱን ካርድ ሊወስድ ነው። «ወላጅ ይምጣ» አልሁት። «እኔ ነኝ እኮ የመጣሁት» አለ። «አንተማ ወንድም ነህ፤ ወላጅ ነው ያልሁህ።» አልተከራከረኝም። «እሺ ጋሼ» ብሎ ሄደ።

ልጅቱ ሳምንቱን ሙሉ ቀረች። ስትመለስ አክስቷ የተባሉ ሴት ይዛ መጣች፤ እኔም ደስ ብሎኝ አስፈረምኋቸው። ሴትዮዋ አክስቷ እንዳልሆኑ፣ መንገድ ዳር ሻይ የሚሸጡ ጎረቤት መሆናቸውን የሰማሁት ቆይቼ ነው። እናትዮዋ ዓረብ አገር ከሄዱ አምስት ዓመታቸው ነው። ልጅቱን የሚያበላት፣ ደብተር የሚገዛላት፣ ስትታመም የሚያስታምማት ያ ወንድሟ ነው። ደንባችን በዚያ ሳምንት ያስተማራት ነገር ቢኖር አክስት መፍጠርን ነው።

ነገሩን ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ አንድ ልብ ወለድ ነው። ከዚህ ተምሮ ወደ አውሮፓ የተሻገረ የቀድሞ ተማሪዬ በስልክ ላከልኝ። አርእስቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዝምታ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው» እንደ ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ2018 ለንደን ውስጥ ታተመ። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ደራሲው ሱለይማን አዶንያ ለእኛ ሩቅ ሰው አይደለም። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ኢትዮጵያዊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 በኡምሐጀር ላይ ከደረሰው እልቂት በኋላ ቤተሰቡ ወደ ሱዳን ሸሸ። ኡምሐጀር ማለት ከሑመራ ተከዜን ተሻግሮ ያለችው ከተማ ናት፤ ከመካከላችን በዚያ ያለፈ ብዙ ሰው አለ። ሱለይማን ልጅነቱን ያሳለፈው በሱዳን የስደተኞች ሰፈር ነው። እናቱ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሲሄዱ አያቱ አሳደጉት። በኋላ ጂዳ ገባ፤ ከዚያ ከወንድሙ ጋር፣ ያለ አሳዳጊ፣ እንግሊዝኛ ሳይችል ለንደን ደረሰ። ዛሬ ብራሰልስ ይኖራል፤ እዚያም ለስደተኞች የድርሰት ትምህርት የሚሰጥ ተቋም መሥርቷል። ውድ አንባቢ፣ የዚህን ሰው ታሪክ ግማሹን ያልኖረ ተማሪ በትምህርት ቤታችን ስንት ይገኛል?

ልብ ወለዱ ስለ ሳባና ስለ ወንድሟ ስለ ሐጎስ ነው። ሳባ ትምህርቷን አቋርጣ ከእናቷና ከወንድሟ ጋር በሱዳን ወደሚገኝ የስደተኞች ሰፈር ትደርሳለች። መጀመሪያ የምትፈልገው ትምህርት ቤት ነው፤ የለም። ሐጎስ ደግሞ መናገር አይችልም። እንግዲህ በአገራችን ልማድ ወንዱ ውጭ፣ ሴቷ ማጀት ናቸው። በሳባ ጎጆ ግን ተገላብጧል፤ ቤቱን የሚያሰናዳውና እኅቱን የሚንከባከበው ሐጎስ ነው፤ ስለ እሱም የምትናገረው፣ ከሰው ጋር የምትጋፈጠው ሳባ ናት። ደራሲው ይህን ሲጽፍ «ጦርነት ያጎደለው ቤተሰብ» ብሎ አያዝንላቸውም። የሚከተለው ሥራውን ነው። ማን ይቀዳል፣ ማን ያበስላል፣ ማን ማንን ይጠብቃል? ከዚያ ተነሥቶ ቤተሰቡ ማን እንደሆነ አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

ሰፈሩስ? ሰፈሩ ያያል፤ ይፈርዳልም። በመጽሐፉ ጀማል የሚባል ወጣት አለ። ኮረብታ ላይ አንሶላ ወጥሮ ሲኒማ ይሠራል፤ ፊልም የለው፣ መብራት የለው። በዚያ ሆኖ የሰፈሩን ወጪና ገቢ፣ ይልቁንም የሳባን ጎጆ ይመለከታል። እንዲህ ሁሉም ሁሉን በሚያይበት ሰፈር የወንድምና የእኅት መተሳሰብ እንኳ ክፉ ስም ይወጣለታል፤ ሳባ በሸንጎ ፊት ትቆማለች። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥሁ። እኔ በዚያ ቀን በር ላይ ጠረጴዛ ይዤ የተቀመጥሁት ሸንጎ መሆኔ ነበር።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። መጽሐፉ ለታች ክፍል ተማሪዎች አይሆንም። ስለ ሰውነትና ስለ ፍላጎት በግልጽ የሚናገርባቸው ገጾች አሉ፤ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ላነባቸው አልደፍርም። አንዳንድ ቦታም ደራሲው ያበዛዋል ብዬ አስባለሁ። አንድ ባልደረባዬ ጥቂት ገጽ አይቶ «ይህ የእኛ ባህል አይደለም» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ግን ባህላችን ያልነበረው ምኑ ነው? እኅቱ እንድትማር ራሱ ትምህርቱን የተወ ወንድም ከሆነ፣ ያ ባህላችን ነው።

ለንጽጽር የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብርን አንሡ። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ያላነበበው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ሰምቶታል፤ እዚህ ገዳሪፍም በየስልኩ ይዞራል። ፊታውራሪ መሸሻ ሰውን የሚመዝኑት በዘር ነው። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን አስተምሯል፣ ወድዷልም፤ ለአባቷ ግን ጥያቄው የማን ልጅ ነው የሚለው ብቻ ነው። ሁላችንም እዚያ ላይ ፊታውራሪን እንወቅሳለን። ተማሪዎቼም ድርሰት ሲጽፉ አጥብቀው ይወቅሷቸዋል፤ እኔም ጥሩ ነጥብ እሰጣለሁ። ከዚያ በስብሰባ ቀን እኔው ራሴ «የማን ልጅ ነህ» እያልሁ በር ላይ እቆማለሁ።

ነገሩ እየከበደ የሚሄድ እንጂ የሚቀል አይደለም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በሐምዳየት በኩል የተሻገሩት ሕፃናት ወደ ኡም ራኩባና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሲገቡ ስንቱ ከጎረቤት ጋር፣ ስንቱ ከአያት ጋር ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ እዚያ የነበሩ ወገኖቻችን ወደዚህ መጡ፤ አባት አንዱ ከተማ ቀርቶ እናት ከልጆች ጋር፣ ወይም ልጆች ብቻቸውን ከዘመድ ጋር። ከክፍሌ ተማሪዎች «አባቴ የት እንዳለ አላውቅም» የሚል ሲገኝ አሁን አሁን ሌሎቹ ዞር ብለው እንኳ አያዩትም። ለምደውታል።

ባልደረቦቼ የሚያነሡት ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ፈርሞ ነገ ሰሊጥ አጨዳ ቢሄድ፣ ወይም እንደ ብዙዎቹ ወደ ሊቢያ መንገድ ቢነሣ፣ ትምህርት ቤቱ ማንን ይጠይቃል? በጥቅምትና በኅዳር ግማሹ ወጣት እርሻ ላይ ነው፤ ለሳምንታት አይመለስም። ልጅ ቢታመም፣ ቢጋጭ፣ ከግቢ ቢጠፋ፣ በፊርማው የተያዘው ሰው ራሱ ልጅ ነው። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ከዚህ በፊት ደርሶባቸው ነው።

መልሱ ግን ደጅ መዝጋት አይመስለኝም። በምዝገባው ቅጽ ላይ «የወላጅ ስም» የሚለው መስመር «ከልጁ ጋር የሚኖርና ኃላፊነት የሚወስድ ሰው» ተብሎ ይጻፍ፤ ከሥሩ ሁለተኛ ስም ይጨመር። ሁለተኛው ጎረቤትም ይሁን፣ የእድር ሰውም ይሁን፣ እነዚያ ሻይ የሚሸጡት ሴትም ይሁኑ። እንደ አክስት ሳይሆን እንደ ጎረቤት፣ በስማቸው ይፈርሙ። ወንድምየው እርሻ ሲወርድ እሳቸውን እንጠራለን። እናት ዓረብ አገር ካሉም በስልክ እናነጋግራቸው፤ ሌሊት ከሥራ ወጥተው ድምፅ የሚልኩ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የልጃቸውን ውጤት ከመምህሩ አፍ ሰምተው አያውቁም።

ደግሞ ወንድምየውን ጀግና ብዬ ማወደስ ብቻ አልፈልግም። በመጽሐፉ ሳባን የሚያንገበግባት የተቋረጠው ትምህርቷ ነው፤ የሐጎስ ደግነት ያንን አልመለሰላትም። የእኛም ልጅ እኅቱን ሲያስተምር ከራሱ ላይ ቆርጦ ነው። በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ ከእኛ ግቢ ውስጥ መቀመጥ የሚገባው በተማሪ ወንበር እንጂ ካርድ ሊወስድ በተሰለፈ ሰው ቦታ አልነበረም።

ዘንድሮ በስብሰባው ቀን ቤቱ ድረስ ሰው ላክሁበት። መጣ፤ ጆንያ የሚሸከምበትን ጨርቅ እንኳ ከትከሻው አላወረደም። በእኅቱ ካርድ ላይ ፈረመ፤ ጽሕፈቱ ከብዙዎቹ አባቶች ይበልጥ የጠራ ነው። ስንተኛ ክፍል ላይ እንዳቋረጠ ጠየቅሁት። «ሰባተኛ» አለ። ካርዱን አጣጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ «ጋሼ፣ የማታ ክፍል አላችሁ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለንም። ጥያቄውን ከቅጹ ጋር አድርጌ ለኮሚቴው አቅርቤያለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።