በቆዳ ስለሚሰጥ የወንድ ሆርሞን

ወንድ ልጅ ኃይሉ ሲደክምና ለሩካቤ ያለው ፈቃድ ሲቀዘቅዝ፥ ለሐኪም ከመንገር ይልቅ ዝምታን ይመርጣል። ልጅ የታጣ እንደ ሆነም ነቀፋው በሚስቱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ነገሩን በቤተ ሰብ ገጽ ማስረዳት ይገባል እንላለን።

የወንድነትን ጠባይ የሚሰጠው በዘር ፍሬ ውስጥ የሚገኘው ቴስቶስቴሮን የሚባለው ሆርሞን ነው። ቡተናንትና ሩዚችካ የተባሉት ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ጥበብ ሠሩት። በአሜሪካ አገር በቆዳ ላይ የሚለጠፈው በ1993፥ የሚቀባው ጄል ደግሞ በ2000 ተፈቀደ።

መድኃኒቱ የሚገባው ጆሮ ደግፍ፥ አደጋ ወይም የዕጢ በሽታ የዘር ፍሬውን ሥራ ላጐደለበት ሰው ነው። ድካም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ኀዘንም የስኳር በሽታም ያደክማሉና። ስለዚህ በሁለት ልዩ ልዩ ቀን ጠዋት ደም ሳይመረመር መጀመር አይገባም።

በከሚሴ ለሚኖር አንድ አባወራ ጄሉ ቢታዘዝለት፥ ጠዋት ገላውን ታጥቦ በትከሻውና በላይኛው ክንዱ ይቀባል፤ እስኪደርቅ ከእሳት ይርቃል፤ እጁንም በሳሙና ይታጠባል። ለሶላት የሚደረገው ዉዱእ እስከ ክርን ስለ ሆነ ከተቀባው ስፍራ አይደርስም፤ መላ ገላን መታጠብ ግን ሐኪሙ እስከ ወሰነው ሰዓት ይቆይ። የቈላው ሙቀት ቢያስጨንቀውም ትከሻውን በልብስ ይሸፍን። አባት ልጁን የሚያቅፈውና የሚሸከመው በዚያው በተቀባው ትከሻ ነውና፥ መድኃኒቱ ወደ ሕፃኑ ቆዳ ቢተላለፍ ያለ ዕድሜው የጕልምስና ምልክት ያመጣበታል፤ በሴትም ላይ ጠጕር ያበቅላል፤ ፅንስንም ሊጐዳ ይችላል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2009 ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዘዘ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ ይታወቅ፤ ልጅ የሚፈልግ ሰው ይህን መድኃኒት አይቀባ። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ በአንጎል ሥር ያለችው ዕጢ «በቂ አለ» ብላ የዘር ፍሬውን መቀስቀስ ትተዋለች፤ ዘሩም ይመነምናል፤ ተመልሶ እስኪበዛም ብዙ ወራት ይፈጃል። እንግዲህ ወንድነቱን ሊያጸና የፈለገ ሰው ሳያውቅ አባትነቱን ያዘገያል ማለት ነው።

ስለዚህ ልጅ ያጡ ባልና ሚስት አንዱ አንዱን ሳይወቅስ አብረው ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ባልም ልጅ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይናገር። ለእንዲህ ያለው ሰው ሐኪሙ ዘር የማያጠፋ ሌላ መድኃኒት ሊመርጥለት ይችላል።