የቀሩትንስ ማን ይጠይቅ?

ሰሞኑን ለእኛ ለተመራቂዎች መጠይቅ ደረሰን፦ «በኮሮና ጊዜ የተማራችሁት የኦንላይን ትምህርት አረካችሁ? ወይስ የፊት ለፊቱ ይሻላል?»

እናስታውሳችሁ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ወደየቤታችን ተበተንን። ፒዲኤፍ በቴሌግራም ተላከልን፤ «ትምህርት ቀጥሏል» ተባለ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ለሳምንታት ተዘጋ! ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ሲወጣ የከረመው፣ ካርድ መሙላት አቅቶት ትምህርቱን የተወው ጓደኛችን ዛሬ ተመራቂ አይደለም። ስለዚህ መጠይቁም አልደረሰውም።

የክፍሉን ትምህርት አናቆላምጥም፤ ኖት አስገልብጦ የሚወጣ መምህር እናውቃለን። ግን እጅ አውጥተን «አልገባንም» እንል ነበር። ፒዲኤፍ ይጠየቃል እንዴ?

ጠያቂዎቻችን ሆይ! እርካታችንን ከመለካታችሁ በፊት እንደ ክፍሉ ጊዜ ስም ጥሩ። «አቤት» የማይለው ስንት ነው?