ቼዝ በኢንተርኔት፦ ሰዓት ብቻውን ያሸንፋል?

በኢንተርኔት በሚደረግ የ3 ደቂቃ ቼዝ፣ ጨዋታው አቻ መሆኑን እያወቀ የአቻ ጥያቄ አልቀበልም ብሎ የተጋጣሚው ሰዓት እስኪያልቅ ወዲያ ወዲህ የሚል ተጫዋች ሞልቷል። ደንቡ ይፈቅድለታል።

ለማግነስ ካርልሰንም ፈቅዶለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በቼሴብል ማስተርስ ግማሽ ፍጻሜ፣ ወደ አቻ ባመራ ጨዋታ የቻይናው ዲንግ ሊረን ኢንተርኔት ተቋረጠበትና ሰዓቱ አለቀ፤ ነጥቡም ለኖርዌያዊው ተመዘገበ። የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ግን በቀጣዩ ጨዋታ ገና ከጅምሩ ንግሥቱን ሆን ብሎ አስበልቶ እጅ ሰጠ። (ዋንጫውንም በኋላ ራሱ ወስዷል።)

ጨዋታው ገና ትግል ላይ እያለ ሰዓቱን በማሰብ የጨረሰ ቢሸነፍ ተገቢው ነው። ኢንተርኔት የጠፋበት ግን ምን አጠፋ? አቻ የሆነውንስ ጨዋታ አቻ ማለት ምን ይከብዳል?