ለሳካ ጭን አለቀስን፤ ለሳሉጉ ጣፊያ ማን አለቀሰ?

የእንግሊዝ ኳስ የሚከፈተው በነሐሴ ነው። በመተማ ቆላ ደግሞ ነሐሴ የሰሊጥ አረም ወር ነው። ስለዚህ ኮኪት ላይ ሁለቱ ወቅቶች ይገናኛሉ። ከደንቢያ፣ ከበለሳ፣ ከሊቦ ከምከም፣ ከጎጃምም ጭምር የወረደው ሳሉግ ቀኑን ሙሉ ሲያርም ይውልና ማታ ከከተማው ሰው ጋር ተጋፍቶ ኳስ ማሳያ ቤት ይገባል። ላቡ ሳይደርቅ አርሴናል ወይም ማንቼ ይሆናል።

እንግዲህ ጉዱ ያን ጊዜ ነው! ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. አርሴናል ኦልድ ትራፎርድ ድረስ ሄዶ በካላፊዮሪ ጎል ዩናይትድን 1 ለ 0 ረታ። ሳምንት ሳይሞላ ሃቨርትዝ ጉልበቱን ታመመ ተባለ። ነሐሴ 17 ሊድስን 5 ለ 0 ሲደቁሱ ደግሞ ኦዴጋርድ ትከሻውን፣ ሳካ የኋላ ጭኑን ይዘው ወጡ። ከዚያማ ተረቡን ማን ይቻለው! ይሄ ቡድን ነው ወይስ ሆስፒታል? ዋንጫውን በቃሬዛ ነው የምትወስዱት? አርሴናሉም ዝም አይል፤ የኛ በሽተኛ ከናንተ ጤነኛ ይሻላል ይላል። እውነቱንም ነው። ነሐሴ 21 ዩናይትድ በአራተኛው እርከን ከሚጫወተው ግሪምስቢ ጋር 2 ለ 2 ወጥቶ በፍጹም ቅጣት ምት 12 ለ 11 ሲሰናበት መልስ የሚሰጥ የዩናይትድ ደጋፊ ከየሰፈሩ ጠፋ። (እኔም ከጠፉት አንዱ ነኝ። ይህን የምጽፈው ግን ግሪምስቢን ላስረሳችሁ ብዬ አይደለም።)

ፋሲል ከነማስ ወዴት አለ ትሉኝ ይሆናል። ፋሲል በ2013 የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ይካሄድ ስለነበር የጎንደር ሰው እንኳ ቡድኑን በገዛ ሜዳው አላየውም። የኮኪቱ ደጋፊማ የገዛ አገሩንም ቡድን እንደ አርሴናል በቴሌቪዥን ነው የሚያየው። ይሄ ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ወደ ተነሳሁበት ልመለስ። የኳስ ቤቱ ተመልካች ስለ ጉዳት የማያውቀው የለም። ሃምስትሪንግ ስንት ሳምንት እንደሚያስተኛ፣ ጉልበት ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ስንት ወር እንደሚፈጅ ከክለቡ ሐኪም እኩል ይከራከርበታል። አንድ ነገር ግን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም፦ ተጫዋቹ ታሞ ሲተኛ ደመወዙስ? የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ መደበኛ ውል ይህን ጨርሶታል። በሥራው ላይ የተጎዳ ተጫዋች እስከ 18 ወር መሠረታዊ ደመወዙ ይከፈለዋል። ከኳስ ጋር ምንም የማይገናኝ በሽታ ቢይዘው እንኳ 12 ወር ይከፈለዋል።

እኛስ ምን አለን? ሕግ አለን! በ1996 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377፣ በኋላም በ2011 የተተካበት አዋጅ ቁጥር 1156፣ በሥራ ላይ አደጋ የደረሰበትን ሠራተኛ የሕክምና ወጪ አሠሪው ይችላል ይላሉ። መሥራት ካልቻለም የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ተከታዮቹን 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ያገኛል። ግሩም ነው! ማጭድ እግሩን የቆረጠው ሳሉግ ውሉን የሚመሰክርለት ሰው ካገኘ በወረቀት ላይ ከሳካ ብዙም አልራቀም።

ተንኮሉ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ያው አዋጅ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ምን ማለት እንደሆነ ሲተረጉም፣ በሥራው አካባቢ ኗሪ የሆነን ወይም በወረርሽኝ መልክ የሚነሳን በሽታ ከነጭራሹ ያወጣዋል። የሚተርፈው ያንኑ በሽታ ለመዋጋት የተሠማራ ሠራተኛ ብቻ ነው። እንግዲህ የመተማ ቆላ ኗሪ በሽታ ማን ነው? ወባና ካላዛር! በሕጉ ዓይን ማጭዱ የሥራ ነው፤ ዝንቡ የአገር ነው ማለት ነው።

ሳሉጉ በገዛ ፈቃዱ ሜዳ ላይ አልተኛም። መኝታ ስለሌለው እርሻው ዳር፣ ግራር ሥር ያድራል። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ ቀን በመሬቱ ስንጥቅ ተደብቃ ውላ ሌሊት ትነክሰዋለች። በሽታው ወዲያው አይታይም፤ ወራት ይወስዳል። ሰሊጡ በመስከረምና በጥቅምት ታጭዶ፣ ሒሳቡ ተዘግቶ፣ ሰውየው ደጋ አገሩ ከገባ በኋላ ነው ትኩሳቱ የሚነሳው፤ ጣፊያው የሚያብጠው፤ ሰውነቱ የሚመነምነው። ካልታከመ ይገድላል። በ1997 ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ የፈነዳው ወረርሽኝ በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር። በኋላ ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ያመጡትም ከቆላ እርሻ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ።

የሕመም ፈቃድ አለ እኮ የሚል አይጠፋም። አዎ አለ፤ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰና ውሉ ላልተቋረጠ ሠራተኛ! ለጥቂት ሳምንት ተቀጥሮ የተበተነ ሰው የቱን አሠሪ ይዞ ፈቃድ ይጠይቃል? የካላዛር ሕክምና ራሱ 17 ቀን መርፌ ነው። ያን ሁሉ ቀን ጎንደር ተኝቶ ቤተሰቡን ማን ያበላለት? እገታ ስሙን ባጠፋው የመተማ ጎንደር መንገድ ላይ ለሕክምና መመላለሱን ደግሞ አስቡት።

ሰሊጥ ለዓመታት ከቡና ቀጥሎ ከሚጠሩት የወጪ ንግድ ሸቀጦች አንዱ ነበር። ዶላሩን ሲቆጥር የኖረ መንግሥት የአራሚውን ጣፊያ ለመቁጠር ጊዜ አጣ ቢባል እኔ አላምንም። አልፈለገም እንጂ። ባለሀብቱም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ ድንኳንና አጎበር የትራክተር ዋጋ አያወጣም።

የተወካዮች ምክር ቤት ያቺን አንቀጽ ለወቅት ሠራተኛ ስትሆን ይሠርዛት። ወባና ካላዛር በቆላ እርሻ ላይ የሥራ በሽታ ናቸው ብሎ ይጻፍ፤ ሳሉጉ ሲቀጠር በየት እርሻ እንደሠራ የሚያሳይ ወረቀት ይሰጠው፤ ከወራት በኋላ ታሞ ሲመጣ ያ ወረቀት ማስረጃ ይሁነው። ይህም ከሚቀጥለው አጨዳ በፊት ይሁን።