«አሥር ሰው እስኪሞላ ጠብቁ»

በአገራችን «ቀጠሮ» የሚለው ቃል አዘውትሮ የሚሰማው በሁለት ደጃፎች ነው፤ አንዱ ፍርድ ቤት፣ ሌላው ጤና ጣቢያ። እኔ ሕግ የተማርኩ በመሆኔ የመጀመሪያውን ደጃፍ ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሁለተኛውን በቅጡ ያወቅሁት ግን በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ፣ እናቴን ለኮሮና ክትባት ይዤ በተመላለስኩበት ጊዜ ነው።

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም። ያላስጻፈኝ የእናቴ ጉዳይ ሳይሆን የራሴው ነው። ከጭንቀት ሕመም ጋር መኖር ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሐኪሜ ያውቃል፣ ባለቤቴ ታውቃለች፤ ከዚያ ውጭ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። በማቻከል ወረዳ አማኑኤል የምትባል ከተማ አለች። በእኛ አካባቢ «እገሌ አማኑኤል ሄደ» ቢባል ሰው የሚያስበው ገበያ ወይም ዘመድ ጥየቃ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር የተናገሩ እንደሆነ ግን የሰሚው ፊት ይለዋወጣል፤ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሉ ስም ነውና። ሰው የሚደብቀው ይህንን የፊት መለዋወጥ ፈርቶ ነው። ለዚያውም ጎጃሜ ወንድ «ፈራሁ» ማለት አያምርበትም ተብሎ ያደገ ሰው።

ጭንቀት ስል የኑሮ ሐሳብ ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ማንን ይምራል? እኔ የምለው ምንም በሌለበት ሰዓት ልብ ተነስቶ የሚደልቅበትን፣ ላብ የሚያጠምቅበትን፣ ትንፋሽ የሚያጥርበትንና «አሁን መሞቴ ነው» የሚያሰኘውን ነው። ይህ ሕመም የሚፋፋው ባለማወቅ ነው። ይሁን አይሁን፣ መቼ እንደሚሆን የማይታወቅ ነገር ሲያገኝ ይበረታል። ቁርጡ የታወቀ ነገር፣ ክፉ እንኳ ቢሆን፣ ይሻለዋል። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው አባባል ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ በጆሮው የሚያቃጭል ነገር ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ክትባቱ የተጀመረው ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት፣ የካቲት 28 ቀን፣ በኮቫክስ በኩል የገባው የአስትራዜኒካ ክትባት 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ገደማ ነበር። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር ይህ ለማቅመስም አይበቃም። ስለሆነም ቅድሚያው ለጤና ባለሙያዎች፣ ለአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሆነ። በ70ዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ የነበረችው እናቴ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው መካከል ነበረች። የእኔ ስጋት ደግሞ ይኸው ነበር፦ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኜ መጥቼ፣ ጉንጯን ስሜ፣ ገዳይዋ እኔ ብሆንስ?

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ድረስ መጥታ «ሐሙስ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው» አለችን። ጤና ጣቢያው በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ይርቃል። የጎረቤት በቅሎ ለምነን፣ በማለዳ ተነስተን ሄድን። «ክትባቱ ከወረዳ አልደረሰም፤ የሚቀጥለው ሐሙስ ኑ» ተባልን። ተመለስን።

በሁለተኛው ሐሙስ ክትባቱ አለ። የሌለው ሰው ነው። እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ የመጣነው ስድስት አረጋውያንና አድራሾቻቸው ብቻ ነበርን። ነርሷ በትሕትና «አሥር ሰው እስኪሞላ ጠብቁ» አለችን። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ስምንት ሰዓት ሆነ። በዚያ ቀን በአጎራባች ጎጥ ቀብር ስለነበር ሰው ሁሉ ወደዚያ ሄዷል። ይሞላል? አይሞላም? ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ። ያን ጊዜ ልቤ ተነሳ። ላብ አጠመቀኝ፤ ትንፋሼ አጠረ። ዘመኑ የኮሮና ነውና አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ስበው ከአግዳሚው ተነሱ። አልፈርድባቸውም። እናቴ ግን ከተቀመጠችበት ሳትነሳ «ኧረ ተቀመጡ እናንተዬ፤ ልጄን ፍርሃት ነው የያዘው እንጂ በሽታው የለበትም» አለች። ከአሥር ዓመት በላይ የደበቅሁትን ነገር እናቴ ታውቀው ኖሯል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ሐሙስ ኑ» ተብለን ተመለስን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳልሸሽግ ልናገር። ሦስተኛውን ሐሙስ ላለመሄድ ወሰንኩ። ለውሳኔዬም የሕግ ባለሙያ የማያጣውን ምክንያት ደረደርኩ፦ መንገዱ ያደክማታል፣ ክትባቱ ገና አዲስ ነው፣ በገጠር አየሩ ንጹሕ ነው፣ እናቴስ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የት ትሄዳለች? ምክንያቶቹ ሁሉ ስለ እናቴ የተነገሩ ናቸው፤ እውነቱ ግን እዚያ አግዳሚ ላይ ዳግመኛ መቀመጥ መፍራቴ ነበር። ሐኪሞች እንደሚነግሩን ጭንቀት ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚማረው ነገር መሸሽን ነው። እኔ የራሴን ሽሽት ሳደርግ የማስከፍለው እናቴን መሆኑን እያወቅሁ ነው የሸሸሁት።

ረቡዕ ማታ ስልኬ ጮኸ። ነርሷ ናት። ባለፈው ሐሙስ ስንወጣ ቁጥሬን መዝግባ ነበር። «ጋሼ፣ ለነገ ዘጠኝ ሰው አረጋግጬአለሁ። እማማ ከመጡ አሥር ይሞላል። ሦስት ሰዓት ላይ ይድረሱ» አለችኝ። ያን ሌሊት ተኛሁ። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ደረስን፤ መርፌው ከደቂቃ አልፈጀም፤ እናቴ የሚፈለግባትን ያህል ተቀምጣ አረፍ ብላ በበቅሎዋ ተመለሰች። በሁለቱ ሐሙሶችና በሦስተኛው መካከል የነበረው ልዩነት ማቀዝቀዣ አይደለም፣ በጀትም አይደለም፤ አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

ነርሷን ልወቅስ አይደለም የጻፍኩት። ያን ጊዜ የመጣልን ክትባት አንዱ ብልቃጥ አሥር ሰው የሚከትብ ሲሆን፣ ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ለስድስት ሰው ብትከፍተው አራት ዶዝ ባክኗል ማለት ነው፤ ለዚያውም ሕንድ ክትባት ወደ ውጭ መላክን ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ባቆመችበትና ሁለተኛው ዙር መቼ እንደሚመጣ ባልታወቀበት ወቅት። ነርሷ ስለ ባከነው ትጠየቃለች፤ ስለ ተመለሰው ሽማግሌ ግን ማንም አይጠይቃትም። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በቅጹ ላይ ለባከነ ክትባት ሣጥን አለው፤ ለባከነ የሰው ቀን ሣጥን የለውም።

«ኮሮና አለፈ እኮ» የሚል አንባቢ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፉን የኮሮና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ያወጀው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ነው። ብልቃጡ ግን አላለፈም። የሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ለረጅም ዘመን በአሥር ዶዝ፣ የሳንባ ነቀርሳው ደግሞ በ20 ዶዝ ብልቃጥ ሲመጣ የኖረ ነው፤ ሁለቱም ከተበጠበጡ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆዩም። ስለዚህ ዘጠኝ ወር የሞላው ሕፃን ያቀፈች እናት ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ መጥታ «ሕፃናት አልሞሉም፤ በሚቀጥለው ኑ» ትባላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለብክነት ሲባል ለክትባት የመጣ ሕፃን እንዳይመለስ ነው። ምክሩ ከጄኔቭ ተነስቶ የጮቄን ዳገት ሲወጣ ይደክመዋል።

ይህች እናት ሁለት ጊዜ ተመልሳ በሦስተኛው የቀረች እንደሆነ በመዝገቡ ላይ ምን ተብላ እንደምትጻፍ አስቡት። «ያቋረጠች» ተብላ ነው። ወደ ሕግ ቋንቋ ልመልሰው። ውል ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወገን በቀኑ ተገኝቶ፣ ሌላኛው የገባውን ቃል ሳይፈጽም ቢቀር ውል አፍራሹ ማን እንደሆነ የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ አይስተውም። በክትባት መዝገብ ግን ውል አፍራሿ ሁልጊዜ እናትየዋ ናት።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 ማንኛውም ዜጋ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ለጤና አገልግሎት የሚመደበው ሀብት በየጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ መንግሥትን ያስገድዳል። ድሃ አገር ነን፤ ሀብቱ ቢዘገይ ሊገባን ይችላል። «በእኩልነት» የሚለው ቃል ግን ሀብት አይጠብቅም። የዘገየ ፍትሕ እንደተነፈገ ይቆጠራል እንላለን፤ ቀኑ የማይታወቅ መብትም ከዚያ አይሻልም። በኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የአእምሮ ጉዳትንም በትርጉሙ ያካትታል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ታላቋ ብሪታንያ በ2013 ዓ.ም. ለኮሮና ክትባት ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ምድቦች በስድስተኛው አስገብታቸው ነበር። እኔ ከሰልፍ ፊት አስቀድሙን እያልኩ አይደለም። ቀኑን ንገሩን ነው የምለው።

ሌላም የሚነሳ ክርክር አለ፦ «ሰው በጥይት በሚሞትበት አካባቢ ስለ ጭንቀት ማውራት ቅንጦት አይሆንም?» እኔ ነገሩን የማየው በተቃራኒው ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ ማስወጣት የደረሰው የአማራ ክልል ግጭት ጎጃምን ክፉኛ ጎድቷል። መንገድ ሲዘጋ ክትባትም ሰውም እኩል ይቆማል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚህ መካከል ዳገት ወርዳ የምትመጣ እናት የምትከፍለው ዋጋ የጫማ ማለቅ ብቻ አይደለም፤ በሕይወቷም ልትወራረድ ትችላለች። እንግዲህ ደጃፉ ደርሳ «አልሞላም» ተብላ ብትመለስ ነገ ትመጣለች ብሎ የሚጠብቅ ማነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መረጃ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ብቻ ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ላይ በ25 በመቶ ጨምሯል። በሽታ ብቻውን ይህን ካደረገ በሽታና ጦርነት ተደርበው ምን እንደሚያደርጉ መገመት አያዳግትም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር በየገጠር ቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤቱንም ሰውንም በስም ያውቃሉ። አያቶቻችን ከፈንጣጣ የተገላገሉት ክታቢዎች በእግር፣ በበቅሎ፣ ካስፈለገም በሄሊኮፕተር ወደ ሰው ስለሄዱ ነው፤ ዘመቻው በ1963 ዓ.ም. ተጀምሮ በአገራችን የመጨረሻው ታማሚ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ያን ያህል እንኳ አይጠየቅም።

አንደኛ፣ የክትባት ቀን ሕዝቡ ራሱ ከሚሰበሰብበት ቀን ጋር ይያያዝ፤ በጎጃም ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ብለው ከቅዳሴ በኋላ ቢከትቡ አሥር ሰው መሙላት አያሳስብም። ሁለተኛ፣ ቀኑ ሲለወጥ የመንገር ግዴታው የተቋሙ ይሁን፤ ለዚህም የስልክ ካርድ በጀት ይያዝለት። ሦስተኛ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ካለ ብልቃጡ ይከፈት፤ የሚባክነው የሥራው ወጪ ተደርጎ ይታሰብ እንጂ በነርሷ አንገት አይንጠልጠል። አራተኛ፣ መርፌ ሲጠብቁ መፍዘዝ፣ ልብ መምታትና ትንፋሽ ማጠር የታወቀ ነገር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከኮሮና አስቀድሞ መመሪያ አውጥቶለታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከሰው ዓይን ፈንጠር ያለች አንዲት አግዳሚ፣ አጭር ወረፋና «አይዞህ» የሚል ባለሙያ ነው።

ያ ሁለተኛው ሐሙስ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ስለ እኔ አይደለም። እኔ ስልክ ነበረኝ፤ ሐኪም ነበረኝ፤ ተመልሼም ብጽፍ የሚያነብልኝ አለ። ከእኛ ጋር አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አረጋውያን አንዱ ብቻቸውን የመጡ፣ ስልክ የሌላቸው አዛውንት ነበሩ። ሦስተኛው ሐሙስ ላይ ዓይኔ ፈለጋቸው፤ አልመጡም። በመዝገቡ ላይ ምን ተብለው እንደተጻፉ እገምታለሁ።

ቸር እንሰንብት።